የድሪቶ ታሪክ

በቋንቋችን ሰውንም ሥራንም ለማዋረድ ከሚነገሩት ቃሎች አንዱ «ድሪቶ» የሚለው ቃል ነው። መልክና ሥርዓት የሌለው ንግግር የሰማ ሰው «ይኸ የሐሳብ ድሪቶ ነው» ይላል። ከዚህም ከዚያም እየተለቃቀመ የተጻፈ ጽሑፍ ያጋጠመው እንደ ሆነ «ድሪቶ» ብሎ ይጥለዋል። ባለጌ ልጅም ከድሀ ጓደኛው ጋራ ሲጣላ «ድሪቷም» ብሎ ይሰድበዋል። ቃሉ ይህን ያህል ስድብ ሆኖ ሲኖር ነገሩ ራሱ፣ ማለት ልብሱ፣ ከመካከላችን እየጠፋ ሄዷል። ዛሬ ከከተማ ልጆች ብዙዎቹ ስድቡን ያውቃሉ እንጂ ልብሱን በዓይናቸው አላዩትም።

ድሪቶ ማለት አሮጌ ልብስ በአሮጌ ልብስ ላይ እየተደረተ፣ ቀዳዳው በእራፊ እየተደፈነ፣ በእጅና በመርፌ የተሰፋ ወፍራም ልብስ ነው። ድሀው ቀን ይለብሰዋል፤ ሌሊት ይከናነበዋል። እንደዚህ ያለ ልብስ አንድ በዘመዶቼ ቤት ይገኛል፤ ቤቱም በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በከላላ ነው። ወጣቶች አንባቢዎች ሆይ፣ ስለ እርሱ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ልብሱ ውብ ስለ ሆነ አይደለም፤ ውበት የለውም። ነገር ግን ከአንድ መቶ ዓመት የበለጠ የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ በላዩ ተሰፍቶበታል። በወረቀት የተጻፈ ታሪክ ግን ከዚያ ቤት አንድ ገጽ እንኳ አይገኝም።

ርዝመቱ ረጅም ሰው ተዘርግቶ ቢተኛበት ይተርፋል። ወርዱ አራት ልጆችን ጎን ለጎን አስተኝቶ ይሸፍናል፤ ሸፍኖም ኖሯል። በመካከሉ ሰባት ንጣፍ ይቈጠራል፤ በዳርና ዳሩ ሁለትና ሦስት ብቻ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጢስ የጠገበ የጎጆ ጣራ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን ነጭ የነበረው፣ ቀይ የነበረው፣ ሰማያዊ የነበረው ሁሉ በየቦታው ይለያል።

የዚህን ልብስ ዋጋ ለማወቅ የአገሩን ብርድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት የቆመው በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሰውም የሚተኛው ከመደብ ላይ ቁርበት ወይም ጀንዲ አንጥፎ ነበር። ከላይ የሚከናነበው ግን እንደ ሀብቱ ይለያያል። ያለው ሰው ቡልኮ ወይም ጋቢ አለው። በግ የሚያረባው ከጠጉሩ ባና ያሠራል፤ ከወንጪት ወንዝ ማዶ ያለው የመንዝ አገር በባናውና በበርኖሱ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ ያላገኘ ሰው ድሪቶውን ይስባል።

የጥጥ ልብስ በደጋ ውድ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ጥጥ ደጋ ላይ አይበቅልም። የሚመጣው ከቆላ፣ ከዐባይና ከገባሮቹ በረሃ ነው፤ በአህያ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል። ሴቶቹ በመዳመጫ ብረት ዳምጠው ፍሬውን ያወጡለታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል። ልቃቂቱ ተጠራቅሞ አንድ ጋቢ የሚያወጣ እስኪሆን ብዙ ወራት ያልፋል፤ የሚፈተለው ከወፍጮው፣ ከውኃ መቅዳቱና ከልጅ ማሳደጉ በተረፈችው ጊዜ ነውና። ከዚያ ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እጁ ይወረውራል። ክንዱ ከሚደርስበት የበለጠ ወርድ ያለው ልብስ ሊሠራ ስለማይችል፣ ከእጁ የሚወጣው ልብስ ጠባብና ረጅም ነው። ያም ታጥፎ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ ጋቢ አራት እጥፍ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ባለጸጋውም ድሀውም የሚከናነበው የተሰፋ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የስፌቱ ብዛት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መፍተል በአገራችን የተከበረ ሥራ ነበረ። እመቤቲቱም ገረዲቱም ይፈትላሉ፤ ጥሩ ፈታይ መባልም ለሴት ልጅ ሙገሳ ነው። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ልብስ የሚያደርገው ሸማኔ ግን ይናቅና ይሰደብ ነበረ። እንዝርት የያዘችው እጅ ስትመሰገን መወርወሪያ የያዘው እጅ ተሰደበ፤ ምክንያቱን ሰዳቢውም ቢጠየቅ አይመልስም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚነግደውን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከስድቡ እንዲታቀብ አዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር በዐዋጅ መከልከሉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበረ ያሳያል። ሸማኔውን እየሰደበ በሸማው ተሸፋፍኖ የሚሄድ ሰውም በዐዋጁ ማግሥት አልጠፋም።

ስለ መርፌም አንድ ነገር ልጨምር። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ልብስ መስፋትና ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ ሆኖ ሲያገኙት ተገርመዋል። የሴቶቹ ስፌት መሶቡ፣ ሌማቱና ስፌዱ ነበረ። በከላላው ድሪቶ ላይ ይህ ልማድም የልማዱ መፍረስም ሁለቱ ይታያሉ። በታችኞቹ ንጣፎች ላይ ስፌቱ ረጅምና የተራራቀ ነው፤ ጭነት መጠፈር የለመደ ወንድ እጅ ነው። ከካኪው ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ስፌት ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ የሚሄድ ነው፤ ሌማት የለመደች ሴት እጅ ነው። እጁ የተለወጠበትን ዘመን ስናሰላው ከኢጣልያ ወረራ ዓመታት ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ በቤት አልነበሩም። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ የነገረኝ ክሩ ነው።

(«ጠቀመ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይናገራል። ልብስ ሰፋ፣ ጣፈ ማለት ነው፤ ደግሞም ለሰው ረባ ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ አይደሉም ይሉኝ ይሆናል። ድሪቶ ለተከናነበ ሰው ግን ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቀውም።)

አሁን ወደ ንጣፎቹ ልግባ። ከሁሉ በታች ያለው ቡልኮ ነው። የቤቱ ሰዎች «ዐድዋ ዘምቶ የተመለሰ ነው» ይላሉ። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የተሰበሰበው በወረኢሉ ነው፤ ወረኢሉም ለከላላ ጎረቤት ናት። ስለዚህ ከዚያ አገር ሰው አልዘመተም ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን በየቤቱ ያለው አሮጌ ጋሻ፣ አሮጌ ጦር፣ ጥርሷ ያለቀ በቅሎ ሳትቀር ዐድዋ ደርሶ የተመለሰ ነው ስለሚባል፣ እኔ ይህን የቤተ ሰብ ቃል ብዬ እጽፈዋለሁ እንጂ አልምልበትም።

በቡልኮው ላይ የተሰፋው አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ በፋብሪካ ተሠርቶ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረ ተራ የጥጥ ጨርቅ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ገበያውን የያዘው የአሜሪካ ሥራ ስለ ነበረ፣ ስዋሂሊዎች እስከ ዛሬ «መሪካኒ» ይሉታል። በኋላ ጃፓኖች በርካሽነት ሁሉን አሸነፉ፤ ከ1928ቱ ወረራ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ ትልቁን ድርሻ የያዘው የጃፓን ነበረ። የደጋ ሴት የብዙ ወራት ፈትል ይጠይቃት የነበረው ነገር በአንድ የገበያ ቀን ተለክቶና ተቀድዶ የሚገዛ ሆነ። ለእርሷ ዕረፍት ነበረ፤ ለሸማኔው ክፉ ተወዳዳሪ። በድሪቶው ላይ ዛሬ የሚታየው የአቡጀዲ ቁራጭ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ሦስተኛው ንጣፍ አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ወገን ቀይ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ አለ። ከእርሱ ጋራ ጠርዝ ለጠርዝ የተሰፋው ባለ መስመር ሽርጥ ነው። ነጠላው ከክርስቲያኑ ወገን፣ ሽርጡ ከሙስሊሙ ወገን የመጣ ነው፤ በወሎ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የሁለቱ መጋባትና መዛመድ የቈየ ነገር ስለ ሆነ በዚህ የሚደነቅ የለም። እኔም ያነሣሁት ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ እንዳያልፈው ብዬ ነው።

አራተኛው ካኪ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቈይ። የኮት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ኪሱ እንዳለ አለ፤ በልጅነታችን ቆሎ እንደብቅበት ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በገጠር ካኪ ከሚለብሱት ሰዎች አንደኛው ለጠላት የገባ ባንዳ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከጠላት ማርኮ የለበሰ ዐርበኛ ነው። ጨርቁ አንድ ነው፤ ለባሹ ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። በዘመዶቼ ቤት ስለ ሌላው ቁራጭ ሁሉ ሲወራ አድሮ ካኪው ላይ ሲደረስ ወሬው ይለወጣል። ኮቱ የአያቴ ነበረ። አጎቶቼ «ማርኮ ያመጣው ነው» ብለው ባጭሩ ይዘጉታል። ጎረቤቶች ግን ሌላ ይናገሩ ነበር፤ ልጆች ስንጣላም ያ ሌላው ነገር በፊታችን ይጣልብን ነበር። «የባንዳ ልጅ» መባል ምን ያህል እንደሚያቃጥል የቀመሰው ያውቀዋል።

ከካኪው በላይ ከደሴ ገበያ የተገዛ የባሕር ዳር ፋብሪካ ጨርቅ አለ። ያ ፋብሪካ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። እንግዲህ የወራሪው ካኪና የካሣው ጨርቅ በአንድ ድሪቶ ላይ፣ በአንዲት ሴት መርፌ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሰፍተው ይገኛሉ። ይህን ያሰበበት ሰው የለም፤ የነበረው ቀዳዳ ነበረ፣ የተገኘውም ጨርቅ ያ ነበረ። በእርሱ ላይ ያለው ስድስተኛው የልጆች ቀሚስና የአሮጌ ጋቢ ቁርጥራጭ ስለ ሆነ የሚተረክ ብዙ የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ከሁሉ ይልቅ የጎዳው የጠቅላይ ግዛቱን ምሥራቅና ሰሜን ነበረ። የ1977ቱ ግን ደጋውንም አልማረም። በረሃብ ጊዜ ቤት የሚራቈትበት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በግና ፍየሉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ጊደሯ፤ ከዚያ የሚታረስበት በሬ፤ ከዚያ የሴቲቱ የብር ጌጥ፤ በመጨረሻ የቤት ዕቃና የገላ ልብስ። የሁሉም ሰው ዕቃ በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ገበያ ስለሚወጣ የሁሉም ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ብቻ ይወጣል። ባለ እህሉ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ ገበያው ክፉ ያደርገዋል።

ከከላላው ቤት በዚያ ዓመት ሁለት ጋቢ፣ አንድ ቡልኮና ከመንዝ የመጣ ባና ወደ ገበያ ወጡ። ለአዲሱ ጋቢ አንድ ቁና ገብስ ተሰጠ። ለሌሎቹ ከዚያ ያነሰ። ከሁሉ በኋላ ድሪቶውም ወጣ። አንድ ገዢ በዱላው ጫፍ ገልጦ አየና መልሶ ለቀቀው፤ ሌላው ሳቀ። በዚያን ቀን ድሪቶው በተሸከመው ሰው ትከሻ ላይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በክረምቱ በቤት ውስጥ የቀረው መከናነቢያ እርሱ ብቻ ሆነ። አራት ልጆች ከሥሩ ተኙ። ሦስቱ ዛሬ ልጅ ወልደው፣ ከብረው ይኖራሉ። አራተኛዋ በነሐሴ ሞተች፤ የገደላት ብርድ አልነበረም።

ለመግነዟ የሚሆን ነጭ ጨርቅ በቤትም በጎረቤትም አልተገኘም። ስለዚህ የድሪቶው ስፌት በአንድ ወገን ተፈትቶ አቡጀዲው ከመካከሉ ወጣ፤ ታጥቦ ልጅቱ ተገነዘችበት። የቀረው አንድ ክንድ የማይሞላው ስለዚህ ነው። ቦታው ባዶ እንዳይሆን በዚያ ላይ የተሰፋው፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው እራፊ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ ቁራጭ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ልብስ ላይ አንድ እራፊ አልተጨመረም። በእርዳታ ብርድ ልብስ መጣ፤ በ1978 ዓ.ም. የኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ኋላም ከባሕር ማዶ የሚመጣው ልባሽ ጨርቅ በየገበያው ተከመረ። ቀዳዳ መጣፍ ከመግዛት የበለጠ ጊዜ የሚፈጅ ሆነ።

በዚያው በደቡብ ወሎ፣ በመቅደላ፣ ከዚህ እጅግ የተለየ የልብስ ታሪክ አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ይዘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፣ ወታደሮቹ የዘረፉት ሀብት ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠራ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃም በዚያው ዘመቻ ተወስዶ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። ስለ እነዚህ ልብሶች ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ክራቸው ተቈጥሯል፤ ቀለማቸው ተመርምሯል። እንዲመለሱልን መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን አስቡት፤ የነገሥታቱ ልብስ እስከ ዛሬ የቈየው የሚዘረፍ ስለ ሆነ ነው፤ የከላላው ድሪቶ የቈየው ማንም ስላልፈለገው ነው።

በሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1837 በባርነት የተወለደች ሐሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት ነበረች። ከባርነት ነጻ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቁራጭ እየቀረጸች በአንድ የአልጋ ልብስ ላይ ሰፋች፤ በ1886ም በአቴንስ ከተማ በተደረገ የጥጥ ትርኢት ላይ አሳየችው። አንዲት የሥዕል አስተማሪ ልትገዛት ብትለምናት እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ጸናባትና ራሷ ይዛላት ሄደች፤ አሥር ዶላር ጠየቀች፤ አምስት ዶላር ተሰጣት። ከሸጠችው በኋላም ልታየው እየተመላለሰች ትሄድ ነበር። ዛሬ ያ ልብስ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። አምስቱን ዶላር ባነበብሁ ጊዜ ያቺን አንድ ቁና ገብስ አስታወሰኝ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ነገር የሚቀርበው ግን በጃፓን ሰሜን፣ በአኦሞሪ የነበረው ነው። ያ አገር ብርዳም ስለ ሆነ ጥጥ አይበቅልበትም፤ የጥጥ እራፊ ከደቡብ በመርከብ እየመጣ ይሸጥ ነበር። ገበሬዎቹም እራፊውን በእራፊ ላይ እየሰፉ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ልብስና መኝታ ያደርጉት ነበር፤ ስሙንም «ቦሮ» ይሉታል፤ ቡትቶ እንደ ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ሲበለጽግ ሰዎቹ ድህነታችን ይታይብናል ብለው እያፈሩ ይጥሉት ጀመር። ታናካ ቹዛቡሮ የሚባል ሰው ግን በየመንደሩ እየዞረ ሰበሰበው። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2009 እስከ 2019 በቶኪዮ በአንድ ሙዚየም ሕዝብ እየከፈለ ሲያየው ኖሯል። ሰውየው የሰበሰበው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ይህ የማን ነበረ፣ ማን ሰፋው እያለ ይጠይቅ ነበር። ድንቅ የሚለኝ ይኸኛው ነው።

እንግዲህ በከላላው ቤት ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሠርግ ቤቱ ሲጸዳ ነገር ተነሣ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ የተማረና ቅን ልጅ ነው፣ ድሪቶው ይቃጠል አለ። ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛው፣ እንዲህ ባለ ልብስ ውስጥ ቅማል ይራባል፤ ተስቦንና ግርሻን ከሰው ወደ ሰው የሚያመላልስ ቅማል ነው አለ። ይህ እውነት ነው፤ በየእስር ቤቱና በየሰፈሩ ስንቱን ሰው ጨርሷል። ሁለተኛው፣ እንግዶች ሲመጡ ያዩታል፤ ከምን ዐይነት ቤት እንደ ወጣን ያውቃሉ አለ። ለፊተኛው ምክንያት መልስ አለ፤ በፈላ ውኃና በእንዶድ አጥቦ ከፀሐይ ማስጣት ነው። ለሁለተኛው ግን በውኃና በእንዶድ የሚመለስ መልስ የለም። ልጁ የፈራው የሰው ዓይን ነው፤ ድህነትን እንደ በደል፣ ለድህነት የተደረገውን ብልሃት ደግሞ እንደ ነውር መቍጠሩ ነው። እኔ የምለው፣ ነውር ቢኖር የገዢው ሣቅ ነው፤ ድሪቶው አይደለም። ያ የሣቀው ሰውም ምናልባት ቤቱ ገብቶ የራሱን ድሪቶ ተከናንቦ ይሆናል።

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። ልጁ ነገሩን የተወው በእኔ ንግግር አይደለም፤ ስለ አቡጀዲው በሰማ ጊዜ ነው። ያቺ የተገነዘችው ልጅ የእናቱ ታናሽ እኅት ነበረች፤ በቤቱም ስሟ አይነሣም ነበር። ከዚያ በኋላ ድሪቶው ታጠበ፤ ሦስት ቀን በገመድ ላይ ዋለ፤ ውኃው ሰባት ጊዜ ቢለወጥም ጥቁር ነበረ። ልጁ ራሱ ደብተርና እርሳስ አምጥቶ፣ የየቁራጩን ታሪክ ከአረጋውያን እየጠየቀ እንዲጽፍ ተስማማን።

ከአረጋውያኑ በሕይወት ያሉት አክስቴ ናቸው፤ የዚያች ሴት መርፌ ልጅ፣ የባለ ካኪውም ልጅ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ቁራጮቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ይለዩዋቸው ነበር። ቡልኮውን ነገሩን፤ ሽርጡን፣ ጥለቱን ነገሩን። ካኪው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ከኪሱ ገባና ቆመ። አጎቶቼ «ማርኮ ያመጣው ነው በል፣ ጻፈው» አሉ። አክስቴም «ተዉ እንጂ፣ ልጁ ይጻፈው» ብለው ተናገሩ። አባታቸው በመጀመሪያው ዓመት ለጣልያን ገብቶ ደመወዝና ካኪ ተሰጥቶት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ከእነርሱ ጋራ ቈየ። ከዚያ አንድ ሌሊት ጠብመንጃውን ይዞ ኮበለለና ከዐርበኞች ጋራ ገባ፤ ነጻነት እስኪመጣም በበረሃ ሰነበተ። ሁለቱም ወሬ እውነት ነው።

ልጁ ሁሉንም ጻፈ። ከአጎቶቼ አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ የቀሩት ተቀምጠው አዳመጡ። እኔም ለረጅም ጊዜ የከነከነኝን ጠየቅኋቸው። «እሺ፣ ወደ ዐርበኞቹ ሲገቡ የጣልያን ካኪ አያሳፍራቸውም ነበር? አውልቀው ለምን አልጣሉትም?» አልኋቸው።

አክስቴ ያልጠበቁት ጥያቄ እንደ ሆነባቸው ያህል ወደ እኔ ዞሩና፣ «ብርድ ነበራ፣ ልጄ» አሉኝ።